ጥቃቱ በኩባንያው፣ ፊርማው በእርስዎ ስም
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉ በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ናቸው፤ የድርጅት ኮምፒዩተር ሲጠለፍ ኃላፊው በግሉ ይጠየቃል ወይ? የተገዛው ኢንሹራንስስ ማንን ነው የሚያድነው? የኢትዮጵያ ሕግ ከተጠቀሰበት ቦታ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ውስጥ አክሲዮኑ በገበያ በሚሸጥ ኩባንያ እሠራለሁ። በቅርቡ የመረጃ ደኅንነት ኃላፊ አድርገው ሾሙኝ። ጓደኞቼ «ኩባንያው ቢጠለፍ የምትታሰረው አንተ ነህ» ይሉኛል። እውነት ነው? ለአለቆች የተገዛ ኢንሹራንስ አለ ይባላል፤ እኔን ይጨምራል?

መልስ፦ መጠለፍ ራሱ ወንጀል አይደለም። ጓደኞችዎ የሰሙት የኡበርን የቀድሞ የደኅንነት ኃላፊ የጆ ሱሊቫንን ጉዳይ ሳይሆን አይቀርም። ነገሩ ሲተረክ ብዙ ጊዜ መሀሉ ይዘለላል፤ ዋናው ቁም ነገር ያለው ግን እዚያው መሀሉ ላይ ነው።

በኖቬምበር 2016 ሰርጎ ገቦች ወደ 57 ሚሊዮን የሚጠጉ የኡበር ደንበኞችንና ሾፌሮችን መረጃ ወስደው ገንዘብ ጠየቁ። በዚያን ጊዜ የፌዴራሉ ንግድ ኮሚሽን ኡበርን በ2014 በደረሰበት ሌላ ጠለፋ እየመረመረ ነበር፤ ሱሊቫንም ለኮሚሽኑ ቃሉን ከሰጠ ገና 10 ቀን ያህሉ ነበር። ለሰርጎ ገቦቹ 100,000 ዶላር በቢትኮይን ተከፈለ። ክፍያው የሲስተም ጉድለት ለሚጠቁሙ ባለሙያዎች እንደሚሰጥ ሽልማት ተቆጠረ፤ «ምንም መረጃ አልወሰድንም» የሚል የምስጢር ውልም አስፈረሟቸው። ለኮሚሽኑ ግን ትንፍሽ ያለ የለም። ሱሊቫን በ2022 ጥፋተኛ የተባለው በሁለት ነገር ነው፦ የመንግሥትን ምርመራ በማደናቀፍና የሚያውቀውን ከባድ ወንጀል በመሰወር። በ2023 የ3 ዓመት ገደብ፣ የ50,000 ዶላር መቀጮና የ200 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ተፈረደበት። ይግባኙም በ2025 ውድቅ ሆነ። ከክሶቹ አንዱም «ሲስተሙን በሚገባ አልጠበቅክም» አይልም።

ሁለተኛው ጉዳይ የሶፍትዌር አምራቹ የሶላርዊንድስ ነው። የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪው ኮሚሽን በኦክቶበር 2023 ኩባንያውንና የደኅንነት ኃላፊውን ቲሞቲ ብራውንን ከሰሰ። ዳኛው በጁላይ 2024 አብዛኛውን ክስ ጣሉት። ያስቀሩት በኩባንያው ድረ ገጽ ላይ ስለ ይለፍ ቃልና ስለ መግቢያ ፈቃድ አጠባበቅ የተጻፈውን መግለጫ የሚመለከተውን ነው፤ ከሳሹ ወገን መግለጫው ውስጥ ውስጡን ከሚታወቀው ጋር አይገጥምም ባይ ነበር። በኖቬምበር 2025 ኮሚሽኑ የቀረውንም ክስ በራሱ ፈቃድ አነሳ። ስለዚህ ሹመቱን ሲረከቡ መጀመሪያ ሊያነቡት የሚገባው የፋየርዎሉን (የኔትወርኩን መከላከያ) ቅንብር ሳይሆን ድረ ገጹ፣ የሽያጭ ክፍሉ ለደንበኛ የሚልከው ሰነድና ለኢንሹራንስ የተሞላው ቅጽ ስለ ደኅንነታችሁ ምን እንደሚሉ ነው። እውነት ያልሆነውን መስመር ያስወጡ፤ ያስወጡበትንም ቀን በጽሑፍ ይያዙ።

ሰዎች ደጋግመው የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ። በገበያ ላይ ያለ ኩባንያ ከባድ የሳይበር አደጋን በ4 የሥራ ቀናት ውስጥ ይፋ ማድረግ አለበት። ሰዓቱ የሚቆጥረው አደጋው ከታወቀበት ቀን ሳይሆን «ለባለአክሲዮን ከባድ ነው» ተብሎ ከተወሰነበት ቀን ጀምሮ ነው፤ ውሳኔውን ግን ሆን ብሎ ማጓተት አይፈቀድም። «ከባድ ነው፣ አይደለም» የሚለው የእርስዎ የብቻ ውሳኔ እንዳይሆን። የሚያውቁትን ለሕግ ክፍሉና ለፋይናንስ ኃላፊው በጽሑፍ ያስተላልፉ፤ ውሳኔው የእነርሱ ይሁን።

ወደ ኢንሹራንሱ እንምጣ። የዳይሬክተሮችና የኃላፊዎች ፖሊሲ ሦስት ክፍል አለው። ሳይድ ኤ የሚባለው ኩባንያው ሊከፍልልዎ ሲያቅተው (ሲከስር፣ ወይም ሕግ ሲከለክለው) በቀጥታ ለእርስዎ ይከፍላል፤ ብዙውን ጊዜ ከኪስዎ የሚቀነስ ነገር የለውም። ሳይድ ቢ ኩባንያው ስለ እርስዎ ያወጣውን ይተካለታል። ሳይድ ሲ ኩባንያው ራሱ በባለአክሲዮን ሲከሰስ ነው። ሦስቱ በአብዛኛው ከአንድ ማሰሮ ይቀዳሉ፤ የጠበቃ ወጪም ከዚያው ማሰሮ ይወጣል። 5 ሚሊዮን ዶላር ጣሪያ ያለው ፖሊሲ ከዓመት ክርክር በኋላ ለእርስዎ ሲደርስ ባዶውን ሊሆን ይችላል። ለሳይድ ኤ ብቻ የተለየ ተጨማሪ ሽፋን አለ ወይ ብለው ይጠይቁ።

ቀጥሎ «መድን የተገባለት ሰው» የሚለውን ትርጉም ይፈልጉ። ብዙ ፖሊሲዎች «በቦርድ የተመረጠ ወይም የተሾመ ኃላፊ» ይላሉ። እርስዎ የተሾሙት በሰው ኃይል ክፍል ደብዳቤ ከሆነ ከበሩ ውጭ ሊቆሙ ይችላሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ደላላው የሥራ መደብዎን በስም የሚጠቅስ ማሻሻያ ያስጨምር። ኩባንያው በደላዌር የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ ሌላ ቀዳዳ አለ። ክስ የረታ ኃላፊ ወጪው የግድ ይተካለት የሚለው የደላዌር ሕግ ከ2020 ማብቂያ በኋላ ለተፈጸሙ ድርጊቶች የሚሠራው ለጥቂት ከፍተኛ መደቦች ነው፤ ዋና ሥራ አስፈጻሚ፣ የፋይናንስ ኃላፊ፣ የሕግ ኃላፊና የመሳሰሉት ተዘርዝረዋል፣ የደኅንነት ኃላፊ ግን በስም የለበትም። ስለዚህ ለብቻዎ የተፈረመ የካሳ ውል ይጠይቁ፤ ውስጡም የጠበቃ ወጪ ክርክሩ እስኪያልቅ ሳይጠበቅ በቅድሚያ ይከፈላል የሚል ቃል ይኑርበት። መጠየቂያው ጊዜ ደግሞ ሹመቱን ሲቀበሉ ነው፤ አደጋ ከደረሰ በኋላ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሆናል።

ሆን ተብሎ የተፈጸመ ማጭበርበርን የትኛውም ፖሊሲ አይሸፍንም። በደንብ የተጻፈ ፖሊሲ ግን ይግባኝ የማይባልበት የመጨረሻ ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ የጠበቃ ወጪውን ይከፍላል። «የመጨረሻ ፍርድ» የሚለው ቃል ከሌለና ኢንሹራንሱ ራሱ መወሰን የሚችል ከሆነ ፖሊሲው ደካማ ነው። ሥራ ሲለቁም፣ ኩባንያው ሲሸጥም፣ ለ6 ዓመት የሚዘልቅ የኋላ ሽፋን መኖሩን ያረጋግጡ፤ እነዚህ ፖሊሲዎች የሚመለከቱት ድርጊቱ የተፈጸመበትን ቀን ሳይሆን ክሱ የመጣበትን ቀን ነውና።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ውስጥ አረጋውያንን በየቤታቸው የሚንከባከብ ድርጅት አለኝ፤ 40 ያህል ሠራተኞች አሉን። የሳይበር ኢንሹራንስ ስገዛ ቅጹ ላይ «ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ትጠቀማላችሁ?» የሚል ነበር፤ «አዎ» ብዬ ፈረምኩ። አሁን ሳጣራ ማረጋገጫው (ከይለፍ ቃሉ ሌላ የሚጠየቀው ሁለተኛ ማረጋገጫ) ኢሜይሉ ላይ ብቻ ነው። ዝም ብል ምን ይመጣል?

መልስ፦ «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» ይባላል፤ የእርስዎ ሳይታወቅ የተሠራ ስሕተት እንጂ ውሸት አይደለም። ከዛሬ ጀምሮ ግን ያውቃሉ፤ ከዚህ በኋላ ዝም ማለት ነው ነገሩን የሚያከፋው።

ምን እንደሚመጣ የሚያሳይ ጉዳይ አለ። በ2022 ትራቨለርስ የተባለው መድን ሰጪ በኢሊኖይ የሚገኝ ኢንተርናሽናል ኮንትሮል ሰርቪሲስ የተባለ አምራች ድርጅትን ከሰሰ። ድርጅቱ በራንሰምዌር (ፋይሎችን ቆልፎ ቤዛ በሚያስጠይቅ ፕሮግራም) ተጠቅቶ ካሳ ሲጠይቅ፣ ማረጋገጫው የሚጠብቀው ፋየርዎሉን ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ በቅጹ ላይ ግን ለሌሎቹም መግቢያዎች አለ ተብሎ በዋና ሥራ አስፈጻሚው ጭምር ተፈርሞ ነበር። ጉዳዩ ሳይከራከሩ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በስምምነት አለቀ፤ ፖሊሲው ከመጀመሪያውኑ እንዳልነበረ ተቆጠረ። ማለትም ያን ጥቃት ብቻ ሳይሆን ከዚያ በፊትና በኋላ ያለውንም ሁሉ አይሸፍንም። ያን ጊዜ ሸሪኮችና ደንበኞች ፊርማው የማን እንደ ሆነ ይጠይቃሉ። ድርጅትዎ ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ኩባንያ) መሆኑ ከድርጅቱ ዕዳ ይከልልዎታል፤ በእጅዎ ከፈረሙት ሐሰተኛ ቃል ግን አይከልልም።

አሁን የሚሠራው ይህ ነው። መግቢያዎቹን በአራት ከፍለው ይዩ፦ ኢሜይል፤ ከቤት ሆኖ ወደ ቢሮ ሲስተም መግቢያ (ቪፒኤን ወይም የርቀት ዴስክቶፕ)፤ የአስተዳዳሪ አካውንቶች፤ መጠባበቂያ ቅጂው ያለበት ቦታ። ብዙ ጊዜ የሚረሱት ሦስተኛውና አራተኛው ናቸው፤ ሰርጎ ገብ ደግሞ የመጨረሻውን ነው ቀድሞ የሚያጠፋው። ማይክሮሶፍት 365 ወይም ጉግል ወርክስፔስ ከተጠቀሙ ማረጋገጫው አብሮ አለ፤ ሌላ መግዛት አያስፈልግም። በቴክስት ከሚመጣ ቁጥር ይልቅ በስልክ አፕ ወይም በሚሰካ የደኅንነት ቁልፍ የሚሠራውን ይምረጡ። አንድ ወጥመድ ይጠብቁ፦ ስካን አድርጎ ኢሜይል የሚልክ አሮጌ ኮፒ ማሽን ካለ ማረጋገጫውን አያልፍም፤ ቴክኒሻኑ «እንዲሠራ» ብሎ ለዚያ አካውንት ማረጋገጫውን ይዘጋል። ያ አንድ አካውንት ክፍት በር ነው፤ ቅጹ ላይም «ሁሉም» ያሉትን ሐሰት ያደርገዋል። መጠባበቂያ ቅጂ አንዱ ከኔትወርክ የተነጠለ ይሁን፤ በ3 ወር አንድ ጊዜ ከእሱ ፋይል መልሰው ያውጡና ይሞክሩት። ተሞክሮ የማያውቅ ቅጂ እንዳለ አይቆጠርም።

ከዚያ ለደላላዎ በጽሑፍ ይላኩ፤ በስልክ አይሆንም። «በዚህ ቀን የሞላሁት መልስ ትክክል አልነበረም፤ ማረጋገጫው በእነዚህ ላይ አለ፣ በእነዚህ ላይ እስከዚህ ቀን ይገባል» ይበሉ። መድን ሰጪው መቀበሉን የሚገልጽ ጽሑፍ እስኪመጣ አይተዉት፤ ደላላው ማወቁ ብቻውን መድን ሰጪው አወቀ ማለት ላይሆን ይችላል። አረቦን ሊጨምሩ፣ ቀን ሊሰጡ፣ አንዳንዴም ሊሰርዙ ይችላሉ። ቢሰርዙ እንኳ ሌላ ለመግዛት ጊዜ አለዎት።

ፖሊሲው እጅዎ ላይ ሳለ «የተጭበረበረ የገንዘብ ዝውውር» የሚለውን ገጽ ይግለጡ። የ1 ሚሊዮን ዶላር ፖሊሲ እንኳ ለዚህ ብዙውን ጊዜ 100,000 ወይም 250,000 ብቻ ይመድባል። አንድ ሰው የአቅራቢዎ መስሎ «የባንክ ቁጥራችን ተቀይሯል» ብሎ ሲጽፍ፣ ቀድሞ በሚያውቁት ስልክ ደውለው ካላረጋገጡ አንከፍልም የሚሉም አሉ። በኢሜይሉ ላይ ወዳለው ስልክ መደወል አይቆጠርም፤ የሚያነሳው ሌባው ነውና።

የታካሚ መረጃ ስለያዛችሁና ለሜዲኬይድ (ለመንግሥት የጤና መድን) በኤሌክትሮኒክስ ሒሳብ የምትልኩ ከሆነ ሂፓ የተባለው የታካሚ መረጃ ጥበቃ ሕግም አለ። መረጃው ሲጣስ ለታካሚዎቹ ሳይዘገይ፣ ቢበዛ ግን ከታወቀበት ቀን በ60 ቀን ውስጥ ማሳወቅ ግዴታ ነው። 500 እና ከዚያ በላይ ሰው ከተነካ ለፌዴራሉ የጤና መሥሪያ ቤት በዚያው ጊዜ ይነገራል፤ ከአንድ ግዛት ነዋሪዎች ከ500 በላይ ከሆኑ ለመገናኛ ብዙኃንም ጭምር።

ጥያቄ፦ ራንሰምዌር ቢገባብንና ቤዛ ብንከፍል ኢንሹራንሱ ይተካል? የፈቀደው ሥራ አስኪያጅስ ይጠየቃል?

መልስ፦ ሽፋኑ ካለና መድን ሰጪው አስቀድሞ በጽሑፍ ከተስማማ ይተካል። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ በድንጋጤ ከፍሎ ደረሰኝ ይዞ ይሄዳል፣ «ሳንስማማ ነው የከፈልከው» ይሉታል። የራሱን ቴክኒሻን ቀጥሮም በሰዓት ያስከፈለውን አይተኩለትም፤ ፖሊሲው ከዝርዝሩ ውስጥ የተመረጠ ባለሙያ ይላልና።

ሥራ አስኪያጁን የሚያሰጋው ገንዘቡ ወደ ማን እንደሄደ ነው። የአሜሪካ ግምጃ ቤት ማዕቀብ ለተጣለበት ቡድን መክፈል፣ ማንነቱን ሳያውቁም ቢሆን፣ ሊያስቀጣ እንደሚችል በ2021 ባወጣው ማሳሰቢያ ገልጿል። ጥቃቱን ቶሎ ለሕግ አስከባሪ ማሳወቅና አብሮ መሥራት ቅጣት ማቅለያ እንደሚሆንም እዚያው ተጽፏል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ፦ መጀመሪያ የኢንሹራንሱ የአደጋ ስልክ፣ ቀጥሎ ጠበቃ፣ ኤፍቢአይ፣ የማዕቀብ ማጣራት፣ በመጨረሻ የመክፈል ውሳኔ በቦርድ ቃለ ጉባኤ። ኮምፒዩተሮቹን ከኔትወርክ ይንቀሉ እንጂ አያጥፏቸው፣ «ፎርማት»ም አያድርጉ፤ ማስረጃው ማኅደረ ትውስታው ላይ ነው ያለው። የተሰረቀ መረጃ ካለ ቤዛው የተቆለፉትን ፋይሎች መክፈቻ ቁልፍ ያስገኝ ይሆናል እንጂ የማሳወቅ ግዴታውን አያስቀርም።

ጥያቄ፦ ፖሊሲያችን «ጦርነትን አይሸፍንም» ይላል። የጠለፈን የሌላ አገር መንግሥት ነው ቢባልስ?

መልስ፦ መድኃኒት አምራቹ መርክ በ2017 ኖትፔትያ በተባለው የኮምፒዩተር ቫይረስ ሲጠቃ 1.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ጠይቆ መድን ሰጪዎቹ «የሩሲያ የጦርነት ድርጊት ነው» አሉ። የኒው ጀርሲ የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2023 የንብረት ፖሊሲው ላይ ያለው የድሮው የጦርነት አንቀጽ ይህን አይጨምርም አለ፤ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ተስማሙ። በዚያ ፍርድ ግን አይጽናኑ። የለንደኑ የሎይድስ የኢንሹራንስ ገበያ ከማርች 31፣ 2023 ጀምሮ አዲስ የሚገቡም ሆነ የሚታደሱ ለብቻ የቆሙ የሳይበር ፖሊሲዎች በመንግሥት የሚደገፍ ጥቃትን የሚመለከት ማግለያ («ይህን አንሸፍንም» የሚል አንቀጽ) እንዲኖራቸው አዟል። ሲያድሱ የሚጠይቁት «ማን አጠቃን የሚለውን ማን ይወስናል፣ በምን ማስረጃ?» የሚለውን ነው። አንዳንዱ ማግለያ የአገርን ዋና አገልግሎት ላሽመደመደ ጥቃት ብቻ የተወሰነ ነው፤ ያኛው ይሻላል።

ጥያቄ፦ ጀርመን ውስጥ የአንድ መካከለኛ የሎጂስቲክስ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ነኝ። ጉዳዩን ሙሉ በሙሉ ለአይቲ ክፍሉ ብሰጠውስ?

መልስ፦ ሥራውን መስጠት ይቻላል፣ ኃላፊነቱን ግን አይቻልም። ኒስ ሁለት የተባለው የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ በአንቀጽ 20 የሚመለከታቸው ድርጅቶች የበላይ አመራር የደኅንነት እርምጃዎቹን እንዲያጸድቅ፣ አፈጻጸማቸውን እንዲከታተልና ራሱም እንዲሠለጥን ያዝዛል፤ በጥሰትም ሊጠየቅ ይችላል። አደጋ ሲደርስ በ24 ሰዓት የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ በ72 ሰዓት ዝርዝር፣ በወር ውስጥ የመጨረሻ ሪፖርት። የመቀጮው ጣሪያ እንደ ድርጅቱ ምድብ ቢያንስ 10 ሚሊዮን ዩሮ ወይም ከዓለም አቀፍ ሽያጭ 2 በመቶ፣ ለሁለተኛው ምድብ 7 ሚሊዮን ወይም 1.4 በመቶ ነው፤ የሚበልጠው ይወሰዳል። ፖሊሲው መቀጮን «ሕግ በፈቀደበት» ብቻ ነው የሚሸፍነው፤ ስለዚህ መቀጮውን ኢንሹራንሱ አይከፍልልኝም ብለው አስበው፣ ለምርመራ ወቅት የጠበቃ ወጪ ያለውን ሽፋን ያጠናክሩ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ የአንድ የግል ባንክ ቦርድ አባል ነኝ። እኛ አገር ይህ ሁሉ ይመለከተናል?

መልስ፦ ይመለከታችኋል፣ በሌላ መንገድ ቢሆንም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የደንበኛ መረጃ ሲጣስ በ72 ሰዓት ውስጥ ለተቆጣጣሪው ማሳወቅን ይጠይቃል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የራሱ የማሳወቅ ግዴታዎች አሉት፤ ለእናንተ የትኛው እንደሚሠራ የሕግ ክፍሉ በጽሑፍ ይመልስ። የንግድ ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 1243/2013) ደግሞ የቦርድ አባል ግዴታውን ባለመወጣቱ ለደረሰ ጉዳት ሊጠየቅ የሚችልበትን መንገድ ይከፍታል። የኢንሹራንስ ውልን የሚገዛው ግን አሁንም የ1952ቱ ንግድ ሕግ ነው፤ ሆን ተብሎ የተደበቀ ነገር ውሉን እንደሚያፈርስ እዚያም አለ።

ለቦርዱ የሚበጀው ጥያቄ «ፖሊሲ አለን?» ሳይሆን «ፖሊሲው የሚነቃው በምንድን ነው?» የሚለው ነው። በመጋቢት 2016 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውን ያስታውሱ። ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ አወጡ፤ ባንኩም የሳይበር ጥቃት ሳይሆን በሲስተም ማሻሻያ ላይ የተፈጠረ ችግር መሆኑን ገለጸ። ለእንዲህ ያለው ነገር «የደኅንነት ጥሰት» ብቻ የሚሸፍን ፖሊሲ ቢኖር ምንም አይከፍልም፤ «የሲስተም ብልሽት» የሚል የተለየ ሽፋን ያስፈልጋል። እሱም ቢኖር ሥራ ስለተቋረጠ የቀረ ገቢን የሚተካው 8 ወይም 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ ሊሆን ይችላል፤ ገንዘቡ የወጣው በአንድ ሌሊት ከሆነ የሰዓቱ ቁጥር ትልቅ ነገር ነው።

በአማርኛችን «ጠለፋ» ኮምፒዩተሩንም ኢንሹራንሱንም ይዞ መምጣቱ ያስቃል፤ የጠለፋ ዋስትናውን (መድን ሰጪው ራሱ ከሌላ መድን ሰጪ የሚገዛውን ዋስትና) ግን በቁም ነገር ይዩት። ለእንዲህ ያለ ትልቅ አደጋ አገር ውስጥ ያለው መድን ሰጪ ከጀርባው የውጭ ጠለፋ ዋስትና ሰጪ ካለው፣ የካሳ ውሳኔው በእነሱ ፈቃድ ይሁን የሚል አንቀጽ ሊኖር ይችላል። ያን ጊዜ እዚህ ያለው ኩባንያ «እሺ» ቢልም ገንዘቡ የውጭው ዋስትና ሰጪ እስኪስማማ ይቆማል። ካሳው በምን ገንዘብ እንደሚከፈል፣ ክርክር ቢነሳ በየትኛው አገር ሕግ እንደሚታይ፣ የእንግሊዝኛውና የአማርኛው ጽሑፍ ቢለያዩ የትኛው እንደሚጸና ከመፈረማችሁ በፊት በጽሑፍ ይመለስላችሁ።

ለቃለ ጉባኤው ደግሞ በየሩብ ዓመቱ ሦስት ነገር ይቅረብ፦ ያልተዘጉ ከባድ ክፍተቶች ዝርዝር ከነቀነ ገደባቸው፣ መጠባበቂያ ቅጂ የተሞከረበት ቀንና የወሰደው ሰዓት፣ ለኢንሹራንስ የተሞላው ቅጽ አሁንም እውነት ስለመሆኑ የአይቲ ኃላፊው የፈረመበት ማረጋገጫ። አባሉ ጠይቆ የተመለሰለት መልስም ይጻፍ፤ «ሪፖርቱን አዳምጦ አጸደቀ» የሚል ቃለ ጉባኤ ማንንም አይከላከልም። የመድን ሰጪውና የጠበቃው ስልክ፣ የፖሊሲው ቁጥርና የመጀመሪያው ቀን ሥራ ዝርዝር በወረቀት ታትሞ በሦስት ሰው ቤት ይቀመጥ። ሲስተሙ በተቆለፈበት ሌሊት ኢሜይሉም አብሮ ተቆልፏል።